የኔታ ሲገቡ የሚጠፋው ኮምፒዩተር

ሰው ከውጭ አገር ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ነገር የታወቀ ነው። ካፖርት ያመጣል፤ ብርድ ልብስ ያመጣል፤ ሚስቱን የሚፈራ ደግሞ የልብስ ስፌት መኪና ያመጣል። እኔ ግን በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ ምሥራቅ ጀርመን የሁለት ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ባሕር ዳር ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ የነበረው ኮምፒዩተር ነው። ያኔ በከተማው ከእኔ ሌላ ኮምፒዩተር በቤቱ ያለው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ቢኖርም እንደ እኔ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚኖረው።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ የለመነችኝ የስፌት መኪና ነበር። በየደብዳቤዋ ግርጌ "የስፌት መኪናዋን አደራ" ትላለች፤ እኔም "አደራሽን አልረሳሁም" ብዬ እመልሳለሁ። ደግሞም አልረሳሁም፤ እያስታወስሁ ነው ኮምፒዩተሩን የገዛሁት። ሻንጣውን ከፍታ ያን ቁልፍ የበዛበት ጠፍጣፋ ሣጥን ስታይ አገላብጣ አየችው።

"ይኸ በየት በኩል ነው የሚሰፋው?" አለች።

"አይሰፋም። ያስባል።"

"ማሰብስ እኔም ቁጭ ብዬ አስባለሁ፤ ያጣሁት የሚሰፋ ነው" አለችና ሻንጣውን መልሳ ከደነችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮምፒዩተሩን "ጀርመኗ" እያለች ትጠራው ጀመር። "ዛሬም ከጀርመኗ ጋር ነህ? ጀርመኗ ምሳ አትበላም?" ስትል የሰማ ጎረቤት እውነትም ሌላ ሴት ያመጣሁ መስሎት በሩን አልፎ ሲሄድ ወደ ውስጥ አንገቱን ያሰግጋል።

ስለ ዕቃው ትንሽ ልንገራችሁ፤ የዛሬ ልጆች የሚያውቁት ዓይነት አይደለም። የራሱ መስኮት የለውም፤ ከቴሌቪዥን ጋር ነው የሚያያዝ። የጻፋችሁለትን ሁሉ መብራት እስካለው ድረስ በልቡ ይይዛል። መብራቱ ለዓይን ቅጽበት እንኳ ቢቋረጥበት ግን እናቱንም አያውቅ፤ እንደ አዲስ ተነሥቶ ባዶ ገጽ ያሳያችኋል። እንዳይረሳ ጽሑፉን በቴፕ፣ በካሴት መቅዳት ይቻላል። የእኔን ቴፕ ግን የጥሩወርቅ ወንድም ለሠርግ ተውሶ ቆላ ድባ ወስዶታል። ሠርጉ አልፎ ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው ክርስትና አስነሥተዋል፤ ቴፑ ግን እስከዚያ ጊዜ አልተመለሰም።

እንግዲህ የዚህ ወሬ ዋናው ሰው አማቴ ናቸው። መሪጌታ ናቸው፤ እኔም ሠፈሩም "የኔታ" ነው የምንላቸው። ከሐይቁ ማዶ ባለች አጥቢያ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን የሚያወጣውን ስሌት ማለቴ ነው። የሌላው ሰው ጣት እህል ይቆነጥራል፤ የእሳቸው ጣት ዘመን ይቆጥራል። አውራ ጣታቸውን በአንጓዎቹ ላይ እያስኬዱ፣ ጨዋታቸውን ሳያቋርጡ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ጾመ ነነዌ መቼ እንደሚገባ ይነግሯችኋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። በየቅዳሜው በጀልባ ተሻግረው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ግሽ አባይ ሠፈር ካለው የቀበሌ ቤታችን ይደርሳሉ፤ ገበያ ያያሉ፤ ከልጃቸው ጋር ምሳ ይበላሉ፤ የሐይቁ ማዕበል ከሰዓት በኋላ ሳይነሣ ይመለሳሉ።

እኔ መቼም አፌ አያርፍ። ኮምፒዩተሩን ባዩበት የመጀመሪያ ቅዳሜ፦

"የኔታ፣ ይኸ መኪና ባሕረ ሐሳብ ማውጣት ይችላል" አልኋቸው።

"እንዴ! ማን አስተማረው?"

"እኔ አስተምረዋለሁ።"

"አንተንስ ማን አስተማረህ?"

እዚህ ላይ ትንሽ ተንተባተብሁ። "እርስዎ ያስተምሩኛል እንጂ..."

"ታዲያ ከእኔ ለመማር ጀርመን ድረስ ምን አስኬደህ?" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው አያስቀይምም። የስሌቱ መነሻ የሆኑት መጥቅዕና አበቅቴ እንዴት እንደሚወጡ፣ ዓመተ ዓለሙ ለስንት እንደሚካፈል፣ ቀሪው ወዴት እንደሚሄድ አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ ደብተር ላይ ጻፍሁ። "በል፣ ለዘመን መለወጫ እኔም እናንተ ዘንድ ነኝ፤ የመጪውን ዓመት ነነዌ ያውጣና ከጣቴ ጋር እናስተያየዋለን" አሉ። የዘመን መለወጫን ምሳ ሁልጊዜም ከቅዳሴ በኋላ ተሻግረው እኛ ቤት ነው የሚበሉ።

ሊሄዱ ሲነሡ መቋሚያቸው መሬት ላይ የተዘረጋውን የኮምፒዩተሩን የኤሌክትሪክ ገመድ ያዘና ሊወድቁ ሲሉ ለጥቂት ደገፍኋቸው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። እሳቸውን ሸኝቼ እንደተመለስሁ ገመዱን ሰበሰብሁና እኔ ከምቀመጥበት አግዳሚ ወንበር እግር ሥር አሳለፍሁት፤ አግዳሚው ከባድ ስለሆነ ገመዱ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ለአማቱ የሚያስብ ሰው ማለት እንዲህ ነው ብዬም ራሴን አመሰገንሁ።

ክረምት ነው፤ ሒሳብ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ሰኞ ማለዳ ተቀምጬ ያን ሁሉ ስሌት በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀምሁ ስጽፍ ዋልሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ የንስሐ አባታችን ገቡ። ተነሥቼ መስቀል ተሳለምሁ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ጉንፋኑ ተጠያየቅን። ዞር ብዬ ቴሌቪዥኑን ሳይ ገጹ ባዶ ነው። የጠዋት ሥራዬ በሙሉ የለም!

"ምነው ልጄ፣ ፊትህ ተለዋወጠ?" አሉ።

"ምንም አይደል አባቴ፤ ይፍቱኝ" አልሁ። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

ማክሰኞ እንደገና ጀመርሁ፤ እንደገና ጠፋ። ረቡዕም እንደዚያው። አንዳንድ ቀን ምንም ሳይሆን ይውላል፤ አንዳንድ ቀን ሦስት ጊዜ ይነሣል። መጀመሪያ መብራቱን ጠረጠርሁ፤ አምፖሉ ግን ብልጭ እንኳ ሳይል ኮምፒዩተሩ ብቻ ነው የሚጠፋ። ቀጥሎ ሙቀት ይሆናል ብዬ በማራገቢያ አራገብሁለት። ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ "እኔ ትኩሳት ሲይዘኝም እንዲህ አላራገብህልኝ" አለች። ቀጥሎ የሐይቁ እርጥበት ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ፤ እኔው ታፍኜ ላቤ ሲንጠባጠብ ከፈትሁት።

በመጨረሻ የደረስሁበትን ስነግራችሁ ሒሳብ አስተማሪ መሆኔን እርሱልኝ። ይኸ ዕቃ የተሠራው ቆላ አገር ነው፤ የእኛ አገር ደግሞ ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ሲሳሳበት ሐሳቡ ይሳሳበታል አልሁ። ታዲያ ምን ይደረግ? ከፍታውን መቀነስ ነዋ! ኮምፒዩተሩን ከጠረጴዛ አውርጄ መሬት ላይ ሰሌን አነጠፍሁለት። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጎንበስ ብዬ ስጽፍ ጎረቤታችን ታከለ ክብሪት ሊዋስ ገባ። ታከለ በቀን ስድስት ጊዜ የሚዋስ ሰው ነው፤ ሲገባም ሲወጣም ልብ የሚለው የለም።

"ምን ወድቆብህ ነው?" አለ።

"ከፍታ እየቀነስሁ ነው።"

ታከለ ክብሪቱን አንሥቶ ወጣ። ማታውን ወገቤን ጥሩወርቅ በቅቤ አሸችኝ፤ ኮምፒዩተሩም በማግስቱ የንስሐ አባታችን ጃንጥላቸውን ረስተው ሲመለሱ መሬት ላይ እንዳለ ጠፋ።

ነገሩ እየባሰ ሲመጣ ጋሽ መላኩን ጠራሁ። ጋሽ መላኩ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በዕድሜም በሙያም ይበልጠኛል፤ ያልነካው ሞተር የለም። የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ሲገባ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ ተቀበልሁት፤ ስቀመጥ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ በርቷል።

"አየኸው? ገና ሲያየኝ ደነገጠ" አለ ጋሽ መላኩ ደስ ብሎት።

ከጎኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቀው። ንክች አላለም! ሶኬቱን ፈታ፤ ገጠመ፤ አዳመጠ፤ አሸተተ። "ዕቃህ ጤነኛ ነው" አለና ቦርሳውን አነሣ። ሁለታችንም ተነሣን፤ ደጅ ድረስ ሸኘሁት፤ ተመልሼ ብቀመጥ ባዶ ገጽ። በብስክሌት ተከትዬ መንገድ ዳር ካሉት ዘንባባዎች ሥር ደረስሁበትና አስመለስሁት። ገብተን ሁለታችንም ተቀምጠን ብንጠብቀው፣ ምንም የለበትም።

"ስማ" አለኝ በመጨረሻ፣ "ፋብሪካ ውስጥ ማሽን እንዲህ ሲያሾፍብን ደብተር እንይዝበታለን። መቼ ጠፋ፣ ማን ነበረ፣ ምን ሆነ፤ ሁሉን ጻፍ። ጥፋቱ ራሱ ከደብተሩ ይወጣል።"

ይኸ ምክር ነው እንግዲህ ቤቴን ሊያፈርሰው የነበረ።

ደብተር ያዝሁ። ባለ መስመር፣ ቀይ ሽፋን ያለው። "ታከለ ገባ፤ አልጠፋም። ልጆች ኳስ ሊያወጡ ገቡ፤ አልጠፋም። ታከለ ጨው ሊዋስ ገባ፤ አልጠፋም። የንስሐ አባት ገቡ፤ ጠፋ። የጎረቤት ድመት ገባች፤ አልጠፋም።" ሳምንት ሳይሞላ አንድ ነገር ፍንትው ብሎ ታየኝ፤ ኮምፒዩተሩ ሰው ይለያል! ተራውን ሰው ይችላል፤ የተከበረውን ሰው አይችልም።

የቀበሌያችን ሊቀመንበርም የዚያን ሰሞን መጡ። ከውጭ አገር ጋር የሚነጋገር ሬዲዮ አለው ተብሎ ተወርቶብኝ ኖሯል። ካኪያቸውን ለብሰው፣ እስክሪብቶ ደረት ኪሳቸው ላይ ደርድረው ሲገቡ እንዴት ብድግ እንዳልሁ እኔው ነኝ የማውቀው።

"ለምን አጠፋኸው?" አሉ ቴሌቪዥኑን እያዩ።

"እኔ አላጠፋሁትም ጓድ ሊቀመንበር። እርስዎ ሲገቡ ነው የጠፋ።" ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥሁ።

"እኔ ስገባ? ለምን?"

"በ... በአክብሮት ይሆናል።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ጥሩወርቅ ከጓዳ በር ላይ ዓይኗን ጨፈነች። "ከየት አገር ነው የመጣ?" አሉ።

"ከምሥራቅ ጀርመን፣ ጓድ።"

"እ! እንዲያማ ከሆነ ሥርዓት ያውቃል" አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ወጡ። ደብተሩ ላይ "ጓድ ሊቀመንበር ገቡ፤ ጠፋ" ብዬ ጻፍሁና፣ ቆይቼ ሳስበው እንዲህ ያለ ነገር በጽሑፍ መኖሩ ደስ ስላላለኝ "አንድ ሰውዬ ገቡ" ብዬ አረምሁት።

ቅዳሜ የኔታ መጡ። "ኖር!" ብለን ተነሣን፤ "በእግዜር፣ በእግዜር! ተቀመጡ" አሉ፤ ጠፋ። ገበያ ደርሰው ተመለሱ፤ ተነሣን፤ ጠፋ። እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓሮ ወጡ። እኔም ደብተሬን አውጥቼ ጻፍሁና የታጠፈውን ፎጣ ላቀብላቸው ተከትያቸው ወጣሁ። ስንመለስ ጥሩወርቅ ደብተሩን ይዛ መሐል ቤት ቆማለች። አባቷ ከኋላዬ መሆናቸውን አላየችም።

"'የኔታ ገቡ፤ ጠፋ'" ብላ አነበበች። "'የኔታ ከገበያ ተመለሱ፤ ጠፋ።' ያለፈው ቅዳሜም 'የኔታ ገቡ፤ ጠፋ።' እዚህ ታች ደግሞ ምን ይላል? 'መደምደሚያ፦ ምክንያቱ የሚገባው ሰው ነው። ይልቁንም የኔታ።' አንተ ሰውዬ! አባቴን ቡዳ ነው ብለህ ጻፍህ?"

"ኧረ ቡዳ አላልሁም! በሳይንስ መንገድ..."

"በሳይንስ ቡዳ ነው ማለትህ ነዋ!"

ያን ጊዜ የኔታ በሩ ላይ መቋሚያቸውን ጠቅ አደረጉ። ጥሩወርቅ ደብተሩን ከኋላዋ ደበቀች። እኔ ፎጣውን እንደያዝሁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

"ተዪው ልጄ" አሉ በረጋ ድምፅ። "ያየውን ነው የጻፈ። ያየውን የሚጽፍ ሰው አይነቀፍም።" ጃንጥላቸውን ከግድግዳው አነሡ። "ዛሬ ሐይቁ ቀደም ብሎ የሚነሣ ይመስላል፤ ሳይመሽ ልሻገር።" ገና ስድስት ሰዓት አልሞላም፤ ሐይቁም ጸጥ እንዳለ ነው። ምሳቸውን ሳይበሉ ሄዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም። ጥሩወርቅ ምሳውን እንደወትሮው ለሦስት ሰው ሠርታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በሩን ስታይ ቆየችና የእሳቸውን ድርሻ ለታከለ ሰጠችው። ከዚያ የሚቀጥለው ቅዳሜም አልመጡም፤ ታከለ ግን በሰዓቱ መጣ። ጀልባ ነጂው መልእክት አደረሰን፦ "መኪናው ሥራውን እስኪጨርስ እዚሁ ልሁን። ዘመን መለወጫንም እዚሁ ነኝ። እንዳትቀየሙኝ።"

ጥሩወርቅ ብትጮህብኝ እወድ ነበር። የምትጮህ ሴት ትመለሳለች። እሷ ግን የተቀደደ ሸሚዜን በእጇ እየጠቀመች፣ ቀና ሳትል፣ "እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ምሳውን ከሰው ጋር የሚበላ ቅዳሜ ብቻ ነው" አለች።

ያ ከይሲ ኮምፒዩተርስ? እሱማ ሠራ! ቤታችን ከታከለ በቀር ሰው የማይመጣበት ቤት ሆኖ ስለነበር ማንም አላቋረጠኝም። ከማለዳ እስከ ቀትር ጽፌ ጨረስሁ፤ መጥቅዑንም አበቅቴውንም ነነዌንም አወጣው። ለሳምንታት የጓጓሁለት ቁጥር ቴሌቪዥኑ ላይ በርቶ ሳየው ከአንጀቴ አልቅስ አልቅስ አለኝ። እሳቸው በሌሉበት ይህን ያህል ደህና መሥራቱ "ይኸው፣ ጥፋቱ የእሳቸው ነበር" የሚለኝ መሰለኝ። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ገልብጬ አጠፋሁት፤ ከመነሣቴ በፊት ሁልጊዜም በእጄ ነው የማጠፋው፤ ጀርመናዊው መምህሬ "የበራ ዕቃ ትተህ አትነሣ" ብሎ አስምሎኛል።

ዘመን መለወጫ ሦስት ቀን ሲቀረው በጀልባ ተሻገርሁ። የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዋርካ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል መቋሚያቸውን ጣልቃ አስገቡ።

"ኮምፒዩተሩን ልሸጠው ነው የኔታ። ይቅር ይበሉኝና ይምጡ" አልሁ።

"ነነዌን አወጣ?"

"አወጣ።"

"እንግዲያ ምን አድርጎህ ትሸጠዋለህ? ተቀመጥ።" ደብተሩን አንብብልኝ አሉ፤ ይዤው ነበር። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አነበብሁ፤ "አንድ ሰውዬ" ማን እንደሆኑም በሹክሹክታ ነገርኋቸው፤ ከደብተሩ በፊት ጋሽ መላኩ ሲመጣ የሆነውንም አወራኋቸው። እሳቸው አውራ ጣታቸውን በአንጓዎቻቸው ላይ ያስኬዳሉ። ስጨርስ ጣታቸውን አቆሙ።

"በእኛ ትምህርት ቁጥሩ አልወጣ ሲል ጨረቃ ተሳሳተች አንልም" አሉ። "ማን ቆጠረ እንላለን። እስቲ ንገረኝ፤ እኔ ስገባ አንተ ምን ታደርጋለህ?"

"ምን አደርጋለሁ? እነሣለሁ እንጂ።"

"የንስሐ አባትህ ሲገቡስ?"

"እነሣለሁ።"

"ሊቀመንበሩስ?"

"እሳቸውንማ አለመነሣት ይቻላል?"

"ታከለስ?"

ለታከለ ማን ይነሣል? ለልጆቹስ? ለድመቷስ?

"የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሁለት ሰዓት አብሮህ ሲቀመጥ ምንም አልሆነም። ተነሥታችሁ ስትወጡ ጠፋ" አሉ የኔታ። "ከገባው ሰው አይደለም ልጄ። ከተነሣው ሰው ነው። የተነሣኸውስ አንተ ነህ።" ከዚያ ከት ብለው ሳቁ፤ ጥምጥማቸው እስኪላላ ድረስ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ ብዬ ደመወዝ ስበላ የኖርሁት ሰውዬ ነኝ።

በዚያው ጀልባ አብረን ተሻገርን። ጥሩወርቅ አባቷን በር ላይ ስታያቸው እንዴት እንደሆነች አልነግራችሁም፤ የእሷ ነገር ነው። እቅፍ አድርጋ ከለቀቀቻቸው በኋላ የሆነውን ነገርኋትና መሞከር አለብን ተባለ። ኮምፒዩተሩን አበራሁ፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። የኔታ ወጥተው ይገባሉ፤ እኔ አልነሣም። በቃ፣ ቀላል ነገር ነው።

የኔታ ገቡ። ተነሣሁ።

"ምነው?" አለች ጥሩወርቅ።

"እግሬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!" እውነቴን ነው። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ሽማግሌ ሲገባ ቁጭ ብል አባቴ በአለንጋ ነው ያስነሣኝ፤ ከዚያ ወዲህ እግሬ የእኔን ትእዛዝ አይጠብቅም። የኔታ እንደገና ወጡ፤ እንደገና ገቡ። ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። ጥምጥማቸው ብቅ ሲል ግን "ኖር!" ብዬ ተስፈንጥሬ ቆምሁ።

"በእግዜር!" አሉ የኔታ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሊወጡ እየዞሩ። "ልጄ፣ ይኸን ሰው እሠሪው።"

ጥሩወርቅ ነገር አታስደግምም። ነጠላዋን አጣምራ ወገቤን ከአግዳሚው ጋር ሁለት ዙር ጠፍራ ቋጠረችኝ። "አሁን ተነሣና እንይህ" አለች። ታከለም ስኳር ሊዋስ መጥቶ ስኳሩን ረስቶ ቆሞ ያያል። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ መቋሚያቸውን አስቀድመው፣ እንደ ጳጳስ በዝግታ ገቡ።

ከነአግዳሚው ተነሣሁ።

ያ ሁሉ ከባድ እንጨት ከኋላዬ ተንጠልጥሎ፣ ጎብጬ፣ እጅ ነሣሁ። ኮምፒዩተሩ ጠፋ። ታከለ መሬት ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ይንፈራፈራል። ጥሩወርቅ ግን አልሳቀችም፤ አግዳሚው ተነሥቶ ከለቀቀው ቦታ ላይ ዓይኗን ተክላለች።

"ይኸ ገመድ ምንድን ነው?" አለች።

የአግዳሚው እግር ከቆመበት ላይ ገመዱ እንደ ቆዳ ጠፍጥፏል፤ ልባሱ ተሰንጥቆ መዳቡ ተበጥሷል። እኔ ስቀመጥ በክብደቴ ተጫኖ ይገናኛል፤ ስነሣ ይለያያል። ማን እዚያ እንዳስገባው አላጣችሁትም። የኔታ እንዳይደናቀፉ ብዬ እኔ ነኝ ያስገባሁት። ለእሳቸው አስቤ ገመዱን ቀበርሁ፤ ለእሳቸው አክብሬ እየተነሣሁ አጠፋሁት፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ ጥፋቱን በእሳቸው ስም ጻፍሁ።

ይህንኑ ነገርኋቸው። የኔታ በእጃቸው አየሩን ዳበሱና ትከሻዬን አገኙት። "አክብረህ ነው ያጠፋኸው። ንቀህ ብታጠፋው ነበር የማዝን" አሉ። ያን ጊዜ ነው ከነአግዳሚዬ ያለቀስሁ። ታከለም ሳቁን አቆመ።

ሶኬቱን ነቅለን ገመዱን ጠገንነው። መዳቡን እኔ አጣመርሁ፤ ጥሩወርቅ በፕላስተር ጠቅልላ፣ በላዩ የጨርቅ ጥብቆ አልብሳ፣ ዙሪያውን በመርፌ ሰፋችው። "ይኸው፣ ጀርመኗም በመጨረሻ የስፌት እጅ ፈለገች" አለችኝ። ገመዱንም በግድግዳው ጥግ አዞርነው።

ዘመን መለወጫ ዕለት የኔታ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ስሌቱን ከማለዳ ጀምሬ እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ፤ ኮምፒዩተሩም እንደበራ ነው። ምሳ ሳይቀርብ ቁጥሩን ለማሳየት ተቻኩዬ ስነሣ "ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ" ብለው በአንጓቸው ቆጠሩና ነነዌን ተናገሩ። ቴሌቪዥኑም ያንኑ አለ።

"ተማሪው ደህና ነው" አሉ።

"እኔስ የኔታ?"

"አንተ ገና ነህ። ወጡን አቅርቢው ልጄ።"

ያ ሁሉ ካለፈ ብዙ ዘመን ሆነ። የኔታም ኮምፒዩተሩም የሉም። ኮምፒዩተሩን ያኔውኑ በዓመቱ ለአንድ አስተማሪ ሰጥቼ በምትኩ የስፌት መኪና አምጥቻለሁ፤ አደራ ነበራ። ቀይዋ ደብተር ዛሬ ከመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ከክርና ከአዝራር ጋር ተቀምጣለች። በቀደም አዝራር ስፈልግ አገኘኋትና ገለጥሁ። "ይልቁንም የኔታ" የሚለው መደምደሚያዬ በወፍራም እስክሪብቶ ተሰርዟል። ከሥሩ በጥሩወርቅ የእጅ ጽሑፍ፣ የዚያን ዘመን መለወጫ ዕለት፣ እንዲህ ይላል፦

"አባዬ ገባ። ባሌ ተነሣ። አልጠፋም።"